ጎጃም ውስጥ መካነ ኢየሱስ መሄድ ላሰበ ሰው፦ ከመጀመሪያው እሑድ እስከ አባልነት

ይህንን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ፣ ቡሬ የተመደበች ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። "ሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ነው የሚገባው? ዝም ብሎ ይኬዳል እንዴ?"

አዎ፣ ዝም ብሎ ይኬዳል። በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ደረጃ ደረጃ አለው። እሱን ነው እዚህ የምጽፈው። እኛ አገር ከባዱ ነገር ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው አይደለም፤ ሥርዓቱ በሁለት ሦስት እሑድ ይለመዳል። ከባዱ እናት ቤት፣ እድር ላይና ለቅሶ ቤት ያለው ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ማንንም ካለበት ለማስኮብለል ብዬ አይደለም፤ ለመሄድ ላሰበ ሰው ነው። "አንተ" እያልኩ ብጽፍም፣ አንቺ ብትሆኚም መንገዱ ያው ነው።

1. ቦታውን ማግኘት

"ሉተራን" ብለህ ብትጠይቅ መንገድ የሚያሳይህ ጥቂት ሰው ነው። አገራችን ውስጥ ትልቋ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋም 20 ሺህ ያህል ምእመናን ነበሯት። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ያሉት ግን ከዓባይ ማዶ፣ ወለጋና ደቡብ ነው። ጎጃም ውስጥ ቁጥራችን ትንሽ ነው። ባሕር ዳር ላይ እንኳ "የወለጋዎች ሃይማኖት" ሲሉ ብትሰማ አይግረምህ።

አሁን ወደ መንገዱ። ባጃጅ ውስጥ ገብተህ "መካነ ኢየሱስ" ካልክ ችግር ሊመጣ ይችላል። ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ያለችው ከተማ ስሟ መካነ ኢየሱስ ነው። በዚሁ ስም የሚጠሩ የኦርቶዶክስ ደብሮችም አሉ። ሰው አክባሪ ሹፌር ከሆነ ወይ መናኸሪያ ያወርድሃል፣ ወይ ደብር ደጃፍ አድርሶህ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይሄዳል። "ፕሮቴስታንቶቹ ጋ" ወይም "ጴንጤዎቹ መካነ ኢየሱስ" በለው። ጴንጤ መባል አትወድ ይሆናል፤ ባጃጅ ላይ ግን ይሠራል።

በትንንሽ ከተሞች ሕንፃና ትልቅ ታፔላ አትጠብቅ። የተከራዩት ግቢ ሊሆን ይችላል። ራሱን የቻለው ምእመን የሚሰበሰብበት "ማኅበረ ምእመናን" ይባላል። ገና እየተተከለ ያለው "የስብከት ጣቢያ" ነው። አንተ ያለህበት ከተማ ውስጥ ካላገኘኸው፣ አቅራቢያህ ባለው ትልቅ ከተማ ያለውን ቢሮ ደውለህ ጠይቅ። የትኛው ሰፈር ማን እንደሚያገለግል ያውቃሉ።

የገባህበት ቤት እውነት ሉተራን መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ጥያቄ አለች። "እናንተ ሕፃን ታጠምቃላችሁ?" በል። መካነ ኢየሱስ ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት የሚባሉት ሌሎች ፕሮቴስታንቶች ሕፃን አያጠምቁም። መዝሙሩ ሊመሳሰል ይችላል፣ ዘማሪውም አንድ ሊሆን ይችላል። ይህች ነጥብ ላይ ግን ይለያያሉ። ለምን እንደምትጠቅምህ ጥምቀቱ ላይ ስንደርስ ታየዋለህ።

2. የመጀመሪያው እሑድ

ሰዓቱን ቀድመህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይጀመራል፤ ከአንድ በላይ ፕሮግራም ያለበትም አለ። በአማርኛና በኦሮምኛ ለየብቻ የሚያመልኩ ካሉ፣ የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አለዚያ አንድ ሙሉ ስብከት ፈገግ እያልክ ትሰማለህ።

ልብስ ንጹሕ ይሁን እንጂ የተለየ ልብስ የለም። ነጠላ ለብሰህ ብትመጣ ማንም አይገረምም። እናቶች ብዙዎቹ ይለብሳሉ፤ ሴቶች ፀጉር ካልሸፈኑ አይገቡም የሚል ሕግ ግን የለም። ጫማ አይወለቅም። ይህ ከደብር ላደገ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ክሩን ሊፈታ የሚያጎነብስ ሰው ካየህ፣ እሱም እንዳንተ አዲስ ነው። መቋሚያም አያስፈልግም፤ ወንበር አለ፣ ይቀመጣሉ። ወንድና ሴት በአንድ ወንበር ላይ ተደባልቀው ሲቀመጡም ታያለህ።

መጽሐፍ ቅዱስ ካለህ ያዝ። 81ዱ ካለህም ያንኑ ያዝ፤ አዲስ ለመግዛት አትሩጥ። እዚያ የሚነበበው 66ቱ ውስጥ ያለው ስለሆነ በአንተም ላይ ታገኘዋለህ። ስልክ ላይ ያለውም ይበቃል፣ ድምፁን ብቻ አጥፋው።

ሥርዓቱ ከቦታ ቦታ ቅደም ተከተሉ ቢለያይም የሚያካትተው ይህን ነው። የኃጢአት ኑዛዜ ጸሎት በጋራ ይጸለያል፣ ቄሱም የይቅርታውን ቃል ያውጃሉ። ከብሉይ ኪዳን፣ ከመልእክታትና ከወንጌል ይነበባል። የሐዋርያት የእምነት መግለጫ በአንድ ድምፅ ይባላል። ስብከት አለ፣ እሱም አጭር አይደለም። መባ ይሰበሰባል፣ ይማለዳል፣ አቡነ ዘበሰማያትም ይደገማል፤ በአማርኛ ነው። መጨረሻ ላይ ቡራኬ አለ። ከዚያ በፊት ማስታወቂያ ይነገራል፤ ትዕግሥትህ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ሉተራን የሚለው ስም ስለመጣበት ጀርመናዊ መምህር ስለ ማርቲን ሉተር ኢንተርኔት ላይ አንብቦ የሚመጣ ሰው ጸጥ ያለ፣ ኦርጋን የሚሰማበት ቤት ይጠብቃል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ኪቦርድ አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ጭብጨባና እልልታ አለ። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ በልሳን የሚጸልይም ታያለህ። የመንፈሳዊ መነቃቃቱ ማዕበል ገብቶ የቆየ ነገር ነው። አንተ እንደዚያ መሆን አለብህ ማለት አይደለም። ዝም ብለህ ቆመህ መጸለይ ትችላለህ። ማማተብ ከለመድክም አማትብ። ጎንህ ያለው ሰው ዘወር ብሎ ሊያይህ ይችላል፤ ሉተር ራሱ ግን ትንሹ ካቴኪዝም በሚባለው አጭር የእምነት መማሪያው የጠዋትና የማታ ጸሎት ሲያስተምር በመስቀል ምልክት ጀምር ነው የሚለው። ይህን ለመከራከሪያ ሳይሆን እንዳትሸማቀቅ ነው የምነግርህ።

አንዲት ሴት የቄስ አንገትጌ አድርጋ መድረክ ላይ ብትወጣ አትደንግጥ። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና ትሾማለች።

ሁለት ነገሮች አሉ፣ ማንም ቀድሞ የማይነግርህ። አንደኛው ካሜራ ነው። ብዙ ቦታ ፕሮግራሙ በፌስቡክ ወይም በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል። ካሜራው ከመዘምራኑ ወደ ሕዝቡ ዞር ይላል። ቤተሰብህ ገና ካላወቀ፣ በአክስትህ ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለህ እንድትታይ አትፈልግም። ካሜራው የቆመበትን አይተህ ከኋላው ወይም ዳር ላይ ተቀመጥ። አስተናባሪውን "ካሜራ የማይደርስበት ቦታ አለ?" ብትለው ይገባዋል፤ የመጀመሪያው ጠያቂ አይደለህም።

ሁለተኛው፣ "አዲስ የመጣችሁ ካላችሁ ብድግ በሉልን" የሚባልበት ጊዜ አለ። ሊያጨበጭቡልህ ነው። ካልፈለግህ ቁጭ በል። "ጌታን መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሡ" ሲባልም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን እጅ ማንሣት ግዴታ አይደለም። እንደ እኔ አስተያየት ባታነሣ ይሻላል። ሙዚቃው ሲለሰልስና ሰው ሲያለቅስ የሚወሰን ውሳኔ ሰኞ ጠዋት ላይ ይሳሳል። ተቀመጥ፣ ስማ፣ ሌላ እሑድ ተመለስ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ስልክ ቁጥር የሚጠይቅህ ሰው አይጠፋም። በደግነት ነው። ቤት ውስጥ ስልክህን ሌላ ሰው የሚያነሣው ከሆነ ግን "እኔ እደውላለሁ" በል።

3. ቁርባን ሲመጣ

ቅዱስ ቁርባን በየሳምንቱ ላይኖር ይችላል፤ በብዙ ቦታ ወር ጠብቆ ነው። ኅብስትና ወይን ይቀርባል፣ በወይን ፈንታ ዘቢብ የሚጠቀሙም አሉ። አሰጣጡ ቀላል ስለሆነ "ይሄ መታሰቢያ ብቻ ነው" ብለህ እንዳታስብ። እ.ኤ.አ. በ1530 የወጣው የሉተራኖች የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ የክርስቶስ ሥጋና ደም በእውነት እዚያ አለ ይላል። ሉተራንን ከብዙዎቹ ሌሎች ፕሮቴስታንቶች የሚለየውም አንዱ ይህ ነው።

አንተ ከለመድከው የሚለየው ዝግጅቱ ነው። 18 ሰዓት መጾም ግዴታ አይደለም። ሉተር ጾምንና የሰውነት ዝግጅትን መልካም ልማድ ይለዋል፤ የተገባው ሰው ግን "ስለ እናንተ" የሚለውን ቃል የሚያምን ነው ይላል። ጾመህ ብትመጣ የሚከለክልህ የለም። ልጅነቱን በቅዳሴ ያሳለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ጾሞ ነው የሚመጣው፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ገና ሳትማር ግን ተነሥተህ አትሰለፍ። ቦታህ ላይ ተቀምጠህ ጸልይ። ወደ ፊት ወጥተህ ቡራኬ ብቻ መቀበል የሚቻልበት ቦታ እንደሆነም ቄሱን ቀድመህ ጠይቃቸው።

4. ጥምቀትህን አትድገም

ይህን ነገር ሰው ባለማወቅ ነው የሚሳሳተው። ወንድ ከሆንክ በ40 ቀንህ፣ ሴት ከሆንሽ በ80 ቀንሽ ክርስትና ተነሥተሻል። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠምቀሃል። ለሉተራን ጥምቀት እግዚአብሔር የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሰው የሚገባው ፈተና አይደለም። ስለዚህ ያንን ጥምቀት ትቀበላለች፣ ሁለተኛ አታጠምቅም። ጓደኛህ በቅን ልብ "ወንዝ ወርደህ ካልተጠመቅህ አልዳንክም" ቢልህ፣ የሚነግርህ የሌላ ቤተ እምነት ትምህርት ነው። ከመውረድህ በፊት ቄሱን አነጋግር።

"የጥምቀት ወረቀት አምጣ" ትባል ይሆናል። ገጠር ለተወለደ ሰው ወረቀት ከየት ይመጣል! የክርስትና ስምህን፣ የክርስትና አባትህን ወይም እናትህን፣ የተጠመቅህበትን ደብር ንገራቸው። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ጭራሽ ያልተጠመቀ ሰው፣ ከሌላ ሃይማኖት የመጣ ከሆነ፣ የጥምቀት ትምህርት ተምሮ ይጠመቃል። ልጆችህን ማስጠመቅ ስትፈልግም 40 እና 80 ቀን መቁጠር አይጠበቅብህም። መቁጠር ከፈለግህ ደግሞ ቁጠር፤ አያት ደስ ይላታል።

5. ትምህርቱ

አባል መሆን እፈልጋለሁ ስትል ስምህ ይመዘገብና ትምህርት ትጀምራለህ። የሚፈጀው ጊዜ እንደየቦታው ነው። አስተማሪው ቄስ፣ ወንጌላዊ ወይም ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ልጅ ሆነው የተጠመቁ ወጣቶች የሚማሩትም አለ፣ ማጽኛ ይባላል።

የትምህርቱ እምብርት ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ያወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ነው። አሥርቱ ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫው፣ የጌታ ጸሎት፣ ጥምቀት፣ ኑዛዜና ቁርባን። ትእዛዛቱ ላይ ትንሽ ግር ይልህ ይሆናል። ልጅ ሆነህ በጣትህ እየቆጠርክ "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" ብለህ አሥር ሞልተህ ከሆነ፣ እዚህ የመጨረሻዎቹ አቆጣጠር ይለያል። "አትመኝ" የሚለው ለሁለት ተከፍሎ ዘጠነኛና አሥረኛ ይሆናል። የተሳሳተ ሰው የለም፣ አቆጣጠሩ ነው።

ኑዛዜ የሚለውን አይተህ "እዚህም አለ እንዴ?" ትል ይሆናል። አለ። የንስሐ አባት ይዞ በየቤቱ የመዞር ልማድ የለም። ከብዶህ ያለ ነገር ካለ ግን ቄሱን ለብቻ ጠይቀህ መናዘዝና የይቅርታውን ቃል መስማት ትችላለህ። ምእመናን ይህን መብታቸውን ብዙም አይጠቀሙበትም። ያሳዝናል።

ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ የተማረ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚል ሰው ብትሆን የተማርከው ይጠቅምሃል እንጂ አይጎዳህም። አስተማሪህ ግእዙን ላያውቅ ይችላል። ጥያቄህን በትሕትና አቅርብ፣ "እኔ እነግርሃለሁ" አትበል። አንድ ታሪክም ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተገናኝቶ ነበር። በአስተርጓሚ ስለ እምነት ተነጋገሩ። ሉተር የቁርባን ሥርዓታችን ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ጋር እንደሚስማማ ከእሱ ተረዳን ብሎ ጽፎለታል። ሰፈር ውስጥ ክርክር ለማሸነፍ አትጠቀምበት፤ አይሠራም፣ ሞክረው ያሸነፉ አላየሁም። ለራስህ ግን ደስ የሚል ነገር ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክም ጠይቅ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹን። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ዛሬም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ፤ ሲናገሩ ትሰማቸዋለህ።

ሰፈር ውስጥ "የውጭዎቹ ሉተራኖች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ይባርካሉ፣ እናንተም ያው ናችሁ" የሚልህ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። መካነ ኢየሱስ በዚሁ ጉዳይ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአንድ የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ነበር።

6. ቤት ውስጥ

እዚህ ጋ ቀስ ብለን እንሂድ።

እናትህ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ። ይህ ከሁሉም ይቀድማል። የሰፈር ወሬ ሲደርሳት "ልጅሽ ማተቡን በጠሰ" ተብሎ ነው የሚነገራት። ያን ቃል ከጎረቤት የሰማች እናት ለማባበል ዓመት ይፈጃል። ብቻዋን ስትሆን፣ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ስትደርሱ ንገራት። እንግዳ ባለበትና በዓል ቀን አይሆንም።

መጀመሪያ የምትጠይቅህን ከአሁኑ ልንገርህ። "ማርያምን ካድክ?"

"አልካድኩም እማዬ። የጌታ እናት ናት፣ አከብራታለሁ።"

ይህ እውነት ነው። ሉተራኖች ማርያምን የአምላክ እናት ይሏታል፤ ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 እመቤታችን በሉቃስ ወንጌል የጸለየችውን ጸሎት የሚያብራራ መጽሐፍ ጽፏል። ግን እዚህ ላይ አታቁም። "ታዲያ ትለምናታለህ?" ብላ ከጠየቀች "እንደ በፊቱ ስሟን ጠርቼ አልለምንም፣ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የምጸልይ" በላት። ግማሹን ደብቀህ ብታስደስታት ሌላ ቀን ይወጣል። ታለቅስ ይሆናል። ተቀመጥ፣ አትከራከር፣ ጥቅስ አታውጣ።

የንስሐ አባት ካላችሁ እሳቸውንም ራስህ አነጋግር። አባ ቤታችሁን ስንት ዓመት ባርከዋል፣ ለአያትህ ፍትሐት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። በር ላይ ሲመጡ ወደ ጓዳ መሸሽ ነውር ነው። "አባ፣ እንዲህ ወስኛለሁ፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው" ብለህ ንገራቸው። ይቆጡ ይሆናል፣ ይመክሩህም ይሆናል። ስማቸው። ከኔታዎች ጋር ግን ትርጓሜ አትግጠም። ሦስት ወር የተማርክበትን ይዘህ ሰላሳ ዓመት ከተማረ ሰው ጋር መግጠም ትዝብት ነው።

ማተቡን ምን ላድርገው የሚል ጥያቄ ሁሌ አለ። መበጠስ ግዴታ ነው የሚል የሉተራን ትምህርት የለም። መታሰሩም አያድን፣ መፈታቱም አያድን። እንደ እኔ፣ ለታይታ አትበጥስ፤ በተለይ ቤተሰብ ፊት። አድሮ ትርጉሙ ሲቀየርብህ ራስህ ትወስናለህ።

ጾሙ ሌላው ነው። መካነ ኢየሱስ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም እንደ ሕግ አታስጾምም። ይህን ነፃነት የተማረ ወጣት አንዳንዴ በማግሥቱ ዓርብ ቀን ሥጋ ቤት ሲገባ ታየዋለህ። አይረባም። ጳውሎስ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ይላል። ተከራይተህ የምትኖር ከሆነ፣ በሁዳዴ የጋራ ግቢ ውስጥ ሥጋ አትጥበስ። ሽታው አከራይህ ቤት ይደርሳል፣ አከራይህም እትዬ እገሌ ናቸው፣ 55 ቀን እየጾሙ ነው። እናትህ ቤት ስትሄድ የቀረበልህን ሽሮ ብላ። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ቀናቸው አንድ ነው። ስለዚህ ዶሮው ላይ ትገናኛላችሁ።

ጎረቤት ጠበል ጸዲቅ ሲጠራህስ? ሰው በዚህ ይለያያል። እኔ የጎረቤቴን ዳቦ እበላለሁ። ኅሊናዬ አይፈቅድም የሚሉም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ጠላው ላይ አብዛኞቹ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች አይጠጡም። ካልጠጣህ በቃ "ቡና ይሻለኛል" በል፣ ግን ሂድ። ጭራሽ መቅረት ነው የሚያጣላው።

ተዝካርም እንደዚሁ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሙታን ተዝካር አታወጣም። የአባትህ 40 ሲወጣ ግን ከቤት ጠፍተህ ከዋልክ "አባቱን እንኳ አላዘነለት" ትባላለህ፣ ዘመድም አይረሳውም። ወንበር አምጣ፣ ውሃ ቅዳ፣ እንግዳ አስተናግድ። ጸሎቱ ላይ አለመሳተፍ ትችላለህ። ወጪውን ወንድሞችህ ሲካፈሉ ምን እንደምታደርግ ከወዲሁ ከእነሱ ጋር ተነጋገር። አንዳንዱ ተዝካሩ ላይ አላዋጣም ይልና ለእናቱ የዓመት ቀለብ ይሸምታል። ጥሩ መላ ነው።

እድር አታቋርጥ። መዋጮህን በወቅቱ ክፈል፣ ድንኳን ሲተከል ቀድመህ ተገኝ። በደብር ስም የተቋቋመ እድር ከሆነ መተዳደሪያ ደንቡን አውጥተህ አንብብ፤ አባል ሃይማኖት ሲቀይር ምን እንደሚል እይ። ካላወቅህ ዳኛውን ጠይቅ። የሚያስወጣ ደንብ ካለ አሁን ማወቁ ይሻላል።

ከእድሩ የሚብሰው የመቃብር ነገር ነው። ሰው ማንሣት አይፈልግም። ብዙ ቦታ የመቃብሩ ሥፍራ የደብሩ ነው፤ ከምእመኑ ውጭ የሆነ ሰው እዚያ አይቀበርም። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ሽማግሌዎቹን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ "የራሳችሁ መቃብር አላችሁ? ከሌላችሁ ከእነማን ጋር ትጋራላችሁ? ከከተማ አስተዳደሩ የተሰጠ ነው?" ሥፍራው ሩቅ ከሆነ አስከሬን የሚወስደው መኪና ከየት ይመጣል? ይህን ጠይቆ መልሱን ለቤተሰቡ ያሳወቀ ሰው፣ ለቤተሰቡ የሐዘን ቀን ጭቅጭቅ ያስቀርላቸዋል። መልስ ያጣ ማኅበረ ምእመናን ካጋጠመህም፣ ጥያቄህ ራሱ ጉዳዩን አጀንዳ ያደርገዋል።

ስለ ጋብቻ ብዙ አልልም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሠርጉ በፊት የምክር ትምህርት ትሰጣለች፣ ጋብቻውም አስቀድሞ ለምእመናን ይነገራል። እጮኛህ ኦርቶዶክስ ከሆነች ለቀለበት ከመሯሯጥህ በፊት ሁለታችሁም ቄሱ ጋ ቁጭ በሉ። ጋብቻው የትም ቢፈጸም በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ አትርሳ።

7. መመዝገብ፣ ገንዘብና ዝውውር

ትምህርቱን ስትጨርስ ሽማግሌዎች ያነጋግሩሃል። የሚፈትኑህ አይደለም፤ ለምን እንደመጣህ ነው የሚጠይቁት። "የቤተ ክርስቲያኗ ልማት ሥራ ይሰጠኛል" ወይም "ውጭ አገር ትልከኛለች" ብሎ የሚመጣ ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካሰብክ ይቅርብህ። ከዚያ በአንዱ እሑድ ስምህ ተጠርቶ ወደ ፊት ትወጣለህ፣ እምነትህን ትመሰክራለህ፣ ይጸለይልሃል። አባል ነህ። ያን ቀን ቁርባን ካለ ትቀበላለህ።

አባል ስትሆን በጉባኤ ላይ ድምፅ አለህ። ሽማግሌ ትመርጣለህ፣ የሂሳብ ሪፖርት ትሰማለህ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትመራው ከማኅበረ ምእመናን ተነሥቶ በሰበካና በሲኖዶስ በኩል እስከ ጠቅላላ ጉባኤ በሚደርስ መዋቅር ነው። አንድ ቄስ ብቻውን አይወስንም። ጉባኤ ላይ እጅ አውጥቶ መጠየቅ እንደ አመፅ አይቆጠርም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ መባ እንደ አቅምህ ነው። አሥራት አባላት እንዲሰጡ ይበረታታሉ። አሥራት በስምህ ስትከፍል ደረሰኝ ተቀበል፤ በሞባይል ባንኪንግ ከላክህ የሒሳቡ ስም የማኅበረ ምእመናኑ መሆኑን እይ፣ የግለሰብ ከሆነ አትላክ። ሥልጣን አለኝ የሚል ሰው ለብቻህ ጠርቶ "ይህን ያህል ብትዘራ ይህ ይከፈትልሃል" ካለህ፣ ይህ የሉተራን ትምህርት አይደለም። ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው።

ሥራ ቀይረህ ከተማ ስትለቅ የዝውውር ደብዳቤ ጠይቅ። ሰው ይረሳዋል፤ አዲስ አበባ ደርሶ እንደ አዲስ ከትምህርቱ ይጀምራል። ደብዳቤው ላይ የጥምቀትህና አባል የሆንክበት ቀን፣ ቁርባን ተቀባይ መሆንህ ይጻፍ። ከመሄድህ ሁለት ሳምንት ቀድመህ ጠይቅ፤ ጸሐፊዋ ብዙ ጊዜ የምትገባው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው፣ ማኅተሙ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው ጋ ነው።